ቫንዳዋ መንፉሐ የከረመችበት ክረምት

ቫንዳ የምትባለውን ኦርኪድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው፣ አንዱ ከመሬት ነቅሏት መልሶ መትከሉን የረሳት ይመስለዋል። አፈር የላትም። ቅጠሎቿ እንደ ቀበቶ ረዘም ረዘም ብለው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ከግንዷ ደግሞ የትንሽ ጣት ውፍረት ያላቸው ሥሮች ወደ ታች ተዘርግፈው አየር ላይ ይንጠለጠላሉ። ሥሮቹ ሲደርቁ አመድማ ናቸው። ውሃ ሲነካቸው ዓይን እያየ አረንጓዴ ይሆናሉ። በትውልድ አገሯ፣ በታይላንድና በፊሊፒንስ በኩል ባሉት ሞቃትና ዝናባማ ጫካዎች፣ የምትኖረው ዛፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ከዛፉ የምትወስደው ነገር የለም፤ ቦታ ብቻ ነው የምትይዝበት። ዝናብ ሲዘንብ ትጠጣለች፣ ነፋስ ሲነፍስ ትደርቃለች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዝናብ ትጠብቃለች።

ሪያድ ዝናብ የሚጠበቅባት ከተማ አይደለችም። ሰዉ ግን ኦርኪድ ይወዳል። ሲዳር፣ ሲወልድ፣ ሲሾም ኦርኪድ ይላላካል። እኔ የምሠራው መሽተል ውስጥ ነው፤ እዚህ አገር ችግኝና አበባ የሚሸጥበትን ቦታ መሽተል ይሉታል። ኦርኪዶቹ በካርቶን ታሽገው በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ ካርቶኑን የምከፍተው እኔ ነኝ። ስለ እነሱ የማውቀውን ያወቅሁት ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው፣ ከስልክ ቪዲዮና ከሞቱብኝ ነው። ከሁሉም የበለጠ ያስተማሩኝ የሞቱብኝ ናቸው።

መሽተሉ በሳምንት አንድ ቀን ከዑለያ ሰፈር ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ ወዳለ ቪላ ይልከኛል። አጥሩን እከረክማለሁ፣ ሎሚውን አጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ። በቪላው የምትሠራው እህታችን የወሎ ልጅ ናት፤ ከሐይቅ አካባቢ። በወጥ ቤቱ በር በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ታቀብለኛለች፣ ቆመን ሁለት ሦስት ቃል እንለዋወጣለን፣ ያ ነው ትውውቃችን። ቫንዳዋ የማዳሟ ነበረች። ማዳም ለዓመታት ያሳደገቻት፣ ሐምራዊ አበባዋ ላይ እንደ መረብ ጠቆር ያለ መስመር ያለባት፣ እንግዳ መቀበያው መስኮት ላይ በቀጭን ሰንሰለት የተሰቀለች አበባ ናት። እርጥበት የሚተፋ ማሽን ሳይቀር ተገዝቶላታል።

እኛ አገር ክረምት በሚሆንበት፣ ሪያድ ግን እንደ ምድጃ በሚግልበት ወቅት ማዳምና ቤተሰቧ ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ከሄዱ ሳምንታት አልፈው ነበር፣ አንድ ቀን ውሃዬን እየጠበቅሁ ሳለ እህታችን በሩን በግማሽ ከፍታ፣

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላሳይህ። ግን እንዳትጮህ» አለችኝ።

«እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?»

«ዛሬ ትጮሃለህ።»

ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ይዛ ወጣች። ማሰሮው እስከ አፉ ድረስ ጥቁር አፈር ተሞልቶ፣ ቫንዳዋ እስከ ታችኞቹ ቅጠሎቿ ድረስ ተቀብራበታለች። ቅጠሎቿ ተሸብሽበው እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ሆነዋል። አልጮህኩም፤ ግን መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

«ምን አደረግሻት?»

«ተከልኳት።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? ማዳም እንደ ሥጋ ሰቅላት ሄደች! ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ ንከሪያት፣ ከዚያ መልሰሽ ስቀያት አለችኝ። አንድ ሳምንት እንዳለችኝ አደረግሁ። ከዚያ ግን አንጀቴን በላችው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ሥር ያለው ነገር ራቁቱን ተንጠልጥሎ እያየሁ ዝም ልበል? ደግሞ አፈሩ ጥሩ አፈር ነው። ከሎሚው ሥር ነው ያመጣሁት። ፍግም ጨምሬበታለሁ።»

ፍጉን የተናገረችው በኩራት ነበር።

የቫንዳ ሥር የሚጠጣውም የሚተነፍሰውም በዚያው ገላው ስለሆነ አፈር ውስጥ ሲገባ ታፍኖ እንደሚበሰብስ ነገርኳት። ማሰሮውን አጋድመን ቀስ ብለን አወጣናት። አብዛኞቹ ሥሮች ጠቁረው ልል ሆነዋል፤ በጣት ሲያዙ ቆዳቸው እንደ ካልሲ ይወልቅና መሃል ላይ ክር የሚመስል ነገር ብቻ ይቀራል። መቀሱን በእሳት አቃጥዬ የሞተውን ሁሉ ቆረጥኩ። ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ የቀረፋ ዱቄት እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት።

«ቀረፋ? ሻይ ልናፈላላት ነው?»

«ሻጋታ ይከላከላል።»

«አበሳዋ! ቀብሬ ገደልኳት፣ አሁን ደግሞ አንተ ልትቀቅላት ነው።»

የተረፉት ሦስት ሥሮች ናቸው። እህታችን ሦስቱን ሥሮች እያየች ወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ቀልዷም እዚያው ላይ አለቀ። ልጇ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትታት ስትመጣ ገና መናገር አልጀመረችም ነበር። ማዳም ከጉዞ ስመለስ ኢጃዛ እሰጥሻለሁ፣ ሄደሽ ልጅሽን ትምህርት ቤት አስገቢ፣ ብላ ቃል ገብታላታለች፤ ኢጃዛ የሚሉት አገር ቤት ደርሶ የመመለሻ ዕረፍት ነው። የመውጫና መመለሻ ቪዛውን በስልኩ የሚያስወጣው የማዳም ባል ነው፣ እሱ ደግሞ ማዳም ካላለችው ስልኩን አይነካም።

«ማዳምን አታውቃትም» አለችኝ። «መስታወት ብሰብርባት ትስቃለች። ይቺ አበባ ግን ሞታ ከጠበቀቻት ኢጃዛዬም አብራ ትቀበራለች።»

እዚያው ቪላ ውስጥ ላድናት እንዳልሞክር እርጥበት የሚተፋው ማሽን ያለበት ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉን ማዳም ይዛው ሄዳለች። ከመቆለፏ በፊት አበባዋን አውጥታ ወጥ ቤት ሰቅላታለች። የቀረው ቤት ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ የኤሲ አየር ነው። ሥር ላነሳት ቫንዳ ከዚያ የባሰ ቦታ የለም።

መፍትሔው የተገኘው እኛ በምንኖርበት ሰፈር፣ መንፉሐ ነው፣ ክፍላችን ውስጥ። ሀብታሙ ቤት ያለው ኤሲ አየሩን ያደርቃል። እኛ ያለን ግን ሰሐራዊ የሚሉት የድሃ ማቀዝቀዣ ነው፤ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ጎንና ጎኑ ገለባ የታጨቀበት፣ ገለባው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ በውስጡ ያለው ፋን እርጥብ ነፋስ የሚነፋ። በዚህ ምክንያት ክፍላችን ውስጥ ካልሲ አይደርቅም፣ ጨው ይረጥባል፣ የግድግዳው ልስን ይላጣል። ለዓመታት የተራገምነው እርጥበት ነው። ያን ቀን ማታ ያልደረቀ ሸሚዜን ስለብስ፣ ሞቃት፣ እርጥብና ነፋሻ የሆነ ቦታ ፍለጋ ከተማውን ሙሉ መዞር እንደማያስፈልገኝ ገባኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቫንዳዋን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ እስከ ባጥሐ ገበያ፣ ከባጥሐ በእግሬ ወደ መንፉሐ ይዣት መጣሁ።

ክፍሏን ሦስት ሆነን ነው የምንኖርባት። አንደኛው የጎጃም ልጅ፣ ለሳኝ ነው፤ ግድግዳ ሲለስን እጁ እንደ ሐር ነው ይባልለታል። ከፊል ከሚሉት አሠሪ ዋሱ ጋር ተጣልቶ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ስላልታደሰ ግን ሥራ የሚሄደው በመኪና ወስዶ በመኪና የሚመልሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ሌላውን ቀን ቤት ይውላል። ሦስተኛው የጅማ ልጅ ሲሆን ቡፊያ ውስጥ ይሠራል፤ ሳንድዊችና ሻይ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ናት። ፎጣውን ስፈታ ሁለቱም ቤት ነበሩ።

«ምንድን ነው ይኼ? ባሮ ሽንኩርት?» አለ ለሳኙ።

«አበባ ናት።»

«አበባዋ የታለ?»

«ትመጣለች።»

«ኢንሻአላህ በል እንጂ» አለኝ። ጠዋት ጠዋት አማትቦ የሚነሳ ሰው ነው፤ ኢንሻአላህ ሲል ግን ከሁላችንም ይበልጣል።

የጅማው ልጅ ሥሮቹን በጣቱ ነካ አደረጋቸው። «ትበላለች?»

ኦርኪድ ከሚባሉት ውስጥ የሚበላ ፍሬ በማፍራት የታወቀችው ቫኒላ መሆኗን፣ ባጥሐ ውስጥ በብርድ ጊዜ ትኩሱን የምንጠጣው ሳህለብ ደግሞ ድሮ ከዱር ኦርኪድ ድንች መሰል ሥር ይሠራ እንደነበር፣ ዛሬ ግን አብዛኛው የበቆሎ ዱቄት መሆኑን ነገርኳቸው። ቫንዳ ግን ለማየት ነው የምትተከለው። ታይላንድ ውስጥ አበባዋን እንደ ጉንጉን ሰክተው ለእንግዳ አንገት ያጠልቁታል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የአንዷን ዓይነት ሥር ለመገጣጠሚያ ሕመም ይጠቀሙበታል።

ይኼን የመጨረሻውን ባልናገር ይሻለኝ ነበር።

«ለመገጣጠሚያ?» ለሳኙ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ጉልበቴን ታውቃለህ አይደል? መሰላል ላይ ቆሜ ጣሪያ ስለስን የጠፋውን ጉልበቴን? ሦስት ሥር አላት። አንዷን ብትሰጠኝ ትሞታለች?»

«ትሞታለች።»

«ግማሿን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማያቸው ሥሮቿን ሆነ። እሱም ስገባ ጉልበቱን እያሻሸ ይጠብቀኛል፤ ሆን ብሎ።

በግንበኛ ክሩ የሰቀላት ግን እሱ ራሱ ነው። ከሰሐራዊው ትንሽ ገለል አድርገን ሰቀልናት። የሚያስፈልጋት በየቀኑ ጠዋት ሥሮቿ አረንጓዴ እስኪሆኑ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ቅጠሎቿ መሃል ውሃ እንዳይቀር ገልብጦ ማራገፍ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ሰገነት ላይ ብርሃን ማሳየትና መልሶ መስቀል ነው። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ አይሆንም። የጅማው ልጅ ቡፊያው ጓሮ ከኤሲው ቱቦ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጀሪካን እያጠራቀመ ያመጣ ጀመር፤ ያ ውሃ እንደ ዝናብ ውሃ ጨው የለበትም። ችግሩ ባልዲያችን አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ገላ የምንታጠብበት።

«ልታጠብ ነው፣ ባልዲው የታለ?» ይላል የጅማው ልጅ።

«እመቤቲቱ ትታጠባለች። ተራህን ጠብቅ» ይመልስለታል ለሳኙ።

እኔ ሥራ ስለምውል ቀን ቀን የሚንከባከባት እሱ ነበር። መጀመሪያ እያጉረመረመ፣ ቆይቶ ግን እኔ ራሴ ስነካት «እጅህን ታጥበሃል?» ማለት ጀመረ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ማዳም ከሩቅ ዝም አላለችም። ዓርብ ዓርብ በድምፅ መልእክት፣ «አበባዬ እንዴት ናት? ፎቶ ላኪልኝ» ትላለች። እህታችን ቫንዳዋን ሳትተክላት በፊት፣ አበባዋ በደመቀበት ሰሞን፣ ለእህቷ ልትልክ ያነሳቻቸው ብዙ ፎቶዎች ነበሯት። አንድ በአንድ እየመዘዘች ላከች። በመጨረሻ አለቁባት፣ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ፎቶ ጨረስኩ። አሁን ያለችበትን አንሳትና ላክልኝ። አበባው ረግፏል እላታለሁ፣ መርገፊያው ደርሶ የለ?»

እውነቷን ነው፤ የቫንዳ አበባ ሳምንታት ቆይቶ ይረግፋል፣ ማዳምም ይኼን ታውቃለች። ማየት የሌለባት ሦስት ሥር ብቻ መቅረቱን ነው። ስለዚህ ፎቶው ቅጠሉን ብቻ ማሳየት አለበት፣ በስተጀርባውም የቪላው ነጭ ግድግዳ የሚመስል ነገር መኖር አለበት። ነጭ አንሶላ አመጣን። ለሳኙ ከኋላ ቆሞ አንሶላውን በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘ። ብርሃኑን ለካሁ። ሰሐራዊው እንዳይታይ ጠጋ አልኩ። ደጋግሜ አንስቼ አንዱን መረጥኩ፤ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ የአንሶላውን እጥፋት አየሁ፣ ጥላውን አየሁ። ላክሁላት፣ እሷም ለማዳም ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። እህታችን ናት።

«ወንድሜ፣ የማን እግር ነው?»

«የምን እግር?»

«ከታች! አንሶላው ሥር!»

ፎቶውን ከፍቼ አየሁ። ከአንሶላው ጫፍ በታች የለሳኙ እግር ወጥቷል፤ ጥፍሩ ውስጥ ሲሚንቶ የገባበት፣ እንደ ድንች የተነፋ አውራ ጣት።

«የወንድ እግር ነው አለችኝ! ባለቤቶቹ የሌሉበት ቤት ወንድ አስገብተሻል አለችኝ! ወላሂ አሁኑኑ ለወንድሜ ደውዬ ቤቱን አስፈትሸዋለሁ እያለች ነው!»

ይኼኛው ቀልድ አልነበረም። በዚህ የተጠረጠረች ልጅ ኢጃዛ ቀርቶ ሻንጣዋን በወጉ ሳታስር ልትባረር ትችላለች። ለሳኙ እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ ቆሟል፣ አሁንም የሚታይበት ይመስል። መላውን ያመጣችው እሷው ናት።

«ከወንድ አፈር ይሻለኛል» አለች። «እውነቱን ልነግራት ነው። ተክያት ነበር፣ ተበላሸችብኝ፣ መንፉሐ ልኬ እያሳከምኳት ነው እላታለሁ። ልብስ ልበሱ፣ በቪዲዮ ታያችኋለች።»

ለሳኙ የቤተ ክርስቲያን ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ወጣ፣ እግሩን ብቻ ታጥቦ ተመለሰ። የጅማው ልጅ አልጋዎቹን አነጠፈ። ስልኩ ሲጮህ ሦስታችንም እንደ መታወቂያ ፎቶ ተደርድረን ቆመናል።

ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል እህታችን ወጥ ቤት ውስጥ ሻሿን በአፏ ይዛለች። በሌላው ማዳም አለች፤ ከኋላዋ ባለው መስኮት ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጠየም ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰካች ሴት ናት።

«ባለ እግሩ የትኛው ነው?» አለች በዐረብኛ።

ለሳኙ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ። «እኔ ነኝ ማዳም» አለና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሸሚዙን በአንድ እጁ ሰብስቦ እግሩን ወደ ስልኩ አነሳ። ማዳም ፊቷን ዞር አደረገች። እየሳቀች ይሁን እየተቆጣች መለየት አልቻልንም።

«ኸላስ፣ አውርደው። አበባዬን አሳዩኝ።»

አሳየኋት። መነጽሯን አወረደች። ሦስቱን ሥሮች ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለምን ቀበርሻት?» አለች ቆይታ።

«አዘንኩላት ማዳም» አለች እህታችን። ሌላ ሰበብ አልጨመረችም።

ማዳም ይኼን ሰምታ የባሰ ተናደደች መሰለኝ፤ በክፋት የተሠራ ቢሆን ለመቆጣት ይቀላት ነበር። «መልካም» አለች። «አበባ ታውጣ፣ ያኔ ኢጃዛሽን ትወስጃለሽ። አበባ እስክታወጣ ኢጃዛ የለም።»

እህታችን ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሰው መሃል የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ዐረብኛዬም የመሽተል ዐረብኛ ነው፣ ከማዳበሪያና ከቱቦ አያልፍም። ግን የሰማሁት ነገር ትክክል አልነበረም።

«ማዳም፣ በዚህ ዓመት አበባ አታወጣም» አልኩ።

ለሳኙ በክርኑ ጎሸመኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ!» አለኝ በአማርኛ።

«ሥር ያጣ ተክል መጀመሪያ የሚያወጣው ሥር ነው» አልኩ። «አበባ ብትጠብቂ ምናልባት የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ ትጠብቂያለሽ። መዳኗን የምታውቂው በአዲስ ሥር ነው። አዲስ ሥር ካወጣች ድናለች።»

«ሥር ምን እንደሆነ ለእኔ አታስተምረኝም» አለች ማዳም። «አንተ ሳታውቃት አሳድጌያታለሁ። አሁን እንኳ ነፋሱ አንድ ወገኗን ብቻ እየመታት ነው፣ በግራ በኩል ያለው ቅጠል ጫፉ ደርቋል። በየቀኑ አዙሯት።»

ዞሬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ደርቋል። አላየሁትም ነበር።

«እኔ እስክመለስ አዲስ ሥር ታወጣለች?» አለችኝ።

«ቃል መግባት አልችልም።»

«ግባላት እንጂ፣ ምን ትሆናለህ!» አለ ለሳኙ ጥርሱን ነክሶ።

ማዳም እኔን አየች፤ ከዚያ እህታችንን አየች። «እሺ» አለች። «አንድ አዲስ ሥር። አንድ።» ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን የወላድ ቤት መሰለች። ለሳኙ ጠዋት ያዞራታል፣ ማታ ያዞራታል፤ የጅማው ልጅ ውሃ ያቀርባል። እህታችን በየቀኑ ትደውላለች፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ወጣ?» ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ለሳኙ ደወለ። እልልታ ነው የሰማሁት። የጎረምሳ እልልታ፣ የሚያሳፍር።

«ወጣ! አረንጓዴ! ግንዷ ላይ!»

ለእህታችን እንዳይነግራት ለምኜው በሩጫ መጣሁ። ግንዷ ላይ የምር አረንጓዴ ነገር አለ። ቀረብ ብዬ አየሁት፣ በጥፍሬ ጫፍ ነካሁት፣ ተነሳ። የበቅዱኒስ ቅጠል ነው። የጅማው ልጅ ሳንድዊች ላይ ሲከትፍ ውሎ፣ እጅጌው ላይ ይዞት መጥቶ፣ ሲያጠጣት ለጥፎባታል።

«ቡፊያህን ቡፊያህ ውስጥ ተወው!» ለሳኙ ጮኸበት።

«እኔ ነኝ እልል ያልኩት?»

«ለእሷ ነግረሃታል?» አልኩት። ለሳኙ መሬት መሬቱን አየ። ነግሯታል። መልሼ የደወልኩላት እኔ ነኝ፤ የበቅዱኒስ ነገር መሆኑን ስነግራት «አብሽር ወንድሜ» አለችኝ፣ የማጽናናት እኔ ልሆን ሲገባ።

እውነተኛው የመጣው ማንም ሳይጠብቅ ነው፤ ማዳም ልትመለስ ቀናት ሲቀሯት። ከሦስተኛው ቅጠል ሥር ግንዷ በትንሹ አበጠ፣ ከዚያ ቆዳው ተሰንጥቆ ሐምራዊ የነካው አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ።

«ብጉር አወጣች» አለ ለሳኙ፣ በሹክሹክታ፤ እልል ለማለት ፈርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረ። የአዲስ ሥር ጫፍና የአበባ ዘንግ ጫፍ መጀመሪያ ሲወጡ ይመሳሰላሉ። ሥሩ ጫፉ ድቡልቡልና ልሙጥ ነው፤ ዘንጉ ሾል ያለና ተደራራቢ ልባስ ያለው ነው። ሰሊጥ በሚያክል ነገር ላይ ግን ይኼን መለየት አይቻልም። የታመመች ቫንዳ ልትሞት ስትል የመጨረሻ ጉልበቷን ሰብስባ አበባ የምታወጣበት ጊዜም አለ፤ ያ ከሆነ ደግሞ የሚያስደስት ነገር አይደለም።

«ሥር ነው በላት!» አለችኝ እህታችን በስልክ።

«ገና አላወቅሁም።»

«ሥር ይመስላል?»

«ይመስላል።»

«እና የሚመስለውን በላት!»

«መምሰልና መሆን ይለያያል፤ በኋላ አበባ ሆኖ ቢገኝ...»

«አንተን የወለደች እናት» አለችኝ «ቲማቲም ግዛ ብላ ገበያ ስትልክህ እንዴት ቻለችህ?»

ማዳም ተመለሰች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ራሷ እየነዳች፣ እህታችንን ከጎኗ አስቀምጣ መንፉሐ መጣች። ትልቋ መኪና ጠባቧ መንገዳችን ውስጥ ገብታ መዞር አቃታት፤ ግራ ቀኝ ያሉት ሱቆች ወንበራቸውን ሰበሰቡላት። እኔና ለሳኙ ቫንዳዋን እርጥብ ፎጣ አልብሰን ይዘናት ወረድን። ለሳኙ ቀን ቀን ወደ መንገድ አይወጣም፤ ያን ቀን ግን «አንተ ትጥላታለህ» ብሎ ክሩን አልሰጠኝም።

ማዳም መስኮቷን አወረደች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ አበባዋን በሁለት እጇ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ያቺን ጫፍ ፈለገች፣ አገኘቻት። እስከዚያ ቀን የስንዴ ፍሬ አክላ ነበር። በጣቷ ጀርባ ዳበሰቻት። መኪና ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል። እህታችን ማዳምን አታይም፣ አበባዋን አታይም፤ የምታየው እኔን ነው፣ ፊቴ ላይ መልሱ የተጻፈ ይመስል።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ ማዳም።

ጎንበስ አልኩ። ጫፉ ድቡልቡል ነው። ልባስ የለውም። ከኋላው ብር የሚመስል ነጭ ቆዳ መልበስ ጀምሯል፤ የአበባ ዘንግ ደግሞ ይኼን ቆዳ አይለብስም።

«ሥር ነው» አልኩ።

«ሥር ነው» አለች ማዳምም። ስልኳን አውጥታ ለባልየው ደወለች፣ ረጅም ነገር አላወራችውም። የኋላው መኪና ጥሩምባውን ሳያቆም የእህታችን ስልክ ጮኸ፤ ቪዛዋ መውጣቱን የሚናገር መልእክት ነበር። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ መስኮቱን አልፋ እጇን ዘርግታ የለሳኙን ራስ እንደ ልጅ ራስ አሻሸችው፤ ምክንያቱም ከሁላችንም ቅርብ ያለው እሱ ነበር።

ማዳም ስለ ነፋሱና ስለ ውሃው ጠየቀችኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳስረዳት፣ እህታችን ከጎን «ያላ ማዳም፣ ሻንጣ አላሰርኩም!» አለች፣ መኪናዋም ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። የቀረውን ለማዳም በድምፅ መልእክት ላክሁላት። ረዘም ብሎ ነበር፤ እንደሰማችው አላውቅም።

መስከረም ውስጥ አንድ ቀን ለሳኙ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ቫንዳዋ ተንጠልጥላበት የነበረውን ባዶ ቦታ እያየ ሳለ ፎቶ ደረሰኝ። እህታችን ናት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ። ከጎኗ አዲስ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ ቆማለች፣ እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗል፤ ካሜራውን ሳይሆን እናቷን ቀና ብላ እያየች ነው። ስልኩን ለለሳኙ ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ አጎላው፣ ወደ ግራ ገፋው፣ ወደ ቀኝ ገፋው።

«ከኋላቸው ያለው የግንብ ልስን ተሰንጥቋል» አለ።

«ልጅቷን እያት እንጂ!»

«አየኋት» አለ፣ ስልኩን ሳይመልስልኝ። «ቁመቷ እስከ ስንጥቁ ነው።»